ዋናው በርና የጎኑ ደረጃ፦ የአትላንታው ፎክስ ቴአትር ታሪክ

በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል፣ የጆርጂያ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በአትላንታ፣ ፒችትሪ የተባለው አውራ ጎዳና ፖንስ ደ ሊዮን ከተባለው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ አንድ ግዙፍ ሕንፃ ቆሟል። ጉልላቱ እንደ ሽንኩርት የተድበለበለ፣ ማማው እንደ መስጊድ ሚናሬት ሽቅብ የተመዘዘ፣ ግድግዳው በነጣና በጠየመ ጡብ እየተፈራረቀ የተሸነተረ ነው። ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ከሩቅ ሲያየው የጸሎት ቤት ይመስለዋል። ዳሩ ግን መስጊድም ቤተ መንግሥትም አይደለም፤ ሲኒማ ቤት ነው። ከ4 ሺህ 600 በላይ ሰው በአንድ ጊዜ አስቀምጦ ፊልም ለማሳየት የተሠራ፣ ፎክስ ቴአትር በመባል የሚታወቅ አዳራሽ ነው።

ዋናው በሩ በፒችትሪ በኩል ነው። በዚያ የገባ ሰው ትኬቱን ቆርጦ፣ ባጌጠው መተላለፊያ አልፎ፣ ምንጣፍ እየረገጠ ወደ አዳራሹ ይዘልቃል። ሕንፃው ግን ሌላም መግቢያ ነበረው። በፖንስ ደ ሊዮን በኩል ዞር ብሎ ለሚመለከት፣ ከውጭው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሽቅብ የሚወጣ ደረጃ አለ። ይህ ደረጃ የራሱ ትኬት መቁረጫ ነበረው። የሚያደርሰውም ከሁሉ በላይ ወዳለው፣ ከፊልሙ ሸራ እጅግ ወደ ራቀው ሰገነት ነበር። እስከ 1962 ድረስ ጥቁር ሰው ወደዚህ ቤት የሚገባው በዚህ ደረጃ ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ይህን የመሰለ ቤት ማን ሠራው? ማንስ ጣለው? ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ሲቀረውስ ማን ደረሰለት? በሰፈሩ አዳራሽ ተሰብስቦ የመከረ፣ ከሥራ መልስ ከቤተሰቡ ጋር ፊልም ያየ፣ የኖረበትም አንድ ቤት ሲፈርስ ቆሞ የተመለከተ ሰው ሁሉ እነዚህን ጥያቄዎች ሊጠይቅ ይገባዋል ብለን እናምናለን። የፎክስ ታሪክ ለእነዚህ ጥያቄዎች ከብዙ ሕንፃዎች ታሪክ ይልቅ ገላጭ መልስ ይዞ ይገኛል።

ነገሩ የተጀመረው በፊልም አልነበረም። ከፍሪሜሰኖች መካከል የወጣ ሽራይነርስ የሚባል የነጮች ማኅበር ነበር። አባላቱ በየከተማው ያሉ ነጋዴዎችና ባለሀብቶች ሲሆኑ፣ ቀይ ፌዝ ቆብ ይደፋሉ፤ ለማኅበራቸው ቅርንጫፎች የዓረብ ስም ያወጣሉ፤ መሰብሰቢያቸውንም መስጊድ ብለው ይጠራሉ። ሃይማኖታቸው ግን እስልምና አልነበረም። ምሥራቁን ያወቁት በሥዕልና በተረት ነበር፤ ጌጡንና ቀለሙን ወደዱት እንጂ የባለቤቱን ኑሮ ለማወቅ አልደከሙም። ያራብ የተባለው የአትላንታው ቅርንጫፍ በ1920ዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ አባላት ስለነበሩት ለክብሩ የሚመጥን አዳራሽ ለማሠራት ተነሣ። ንድፉን ያወጣው ማርዬ፣ አልጀርና ቪኑር የተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ሲሆን፣ ዋናው ነዳፊ ኦሊቪዬ ቪኑር ነበር። የቱታንክሐሙን መቃብር በ1922 ከተገኘ ወዲህ በምዕራቡ ዓለም የግብፅ ነገር ሁሉ ፋሽን ሆኖ ስለነበር፣ ጉልላቱ ከዓረቡ፣ ዓምዱ ከፈርዖኑ ተቀላቅሎ ተነደፈ። ሥራውም በ1928 ተጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ጥቁር አሜሪካውያንም የራሳቸው የሽራይነር ማኅበር ነበራቸው። ነጮቹ ሽራይነሮች ይህን ሲያዩ ስሙም፣ ቆቡም፣ ምልክቱም የእኛ ብቻ ነው ብለው ከቴክሳስ የተነሣ ክስ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱ። ፍርድ ቤቱ በ1929 ለጥቁሮቹ ፈረደላቸው። እንግዲህ ከዓረብና ከአፍሪካ የተዋሱትን ቆብ የአፍሪካ ልጆች እንዳይደፉት የሚሟገት ማኅበር፣ በዚያው ዓመት በአትላንታ የአፍሪካን ጥንታዊ ጥበብ በግድግዳው ላይ እየቀረጸ ነበር ማለት ነው። በአዳራሹ አጠገብ የተሠራው የዳንስ ክፍል በራምሴስ ዘመን የግብፅ ቤተ መቅደስ አምሳል የተጌጠ ነው። የአባይ ወንዝ ሥልጣኔ በዋናው በር ገባ፤ የአፍሪካ ልጅ ግን በጎኑ ደረጃ ወጣ።

የማኅበሩ ምኞት ከኪሱ በለጠ። ግንባታው ገና ሳያልቅ ገንዘቡ አለቀ። ስለዚህ ትልቁን አዳራሽ ለሲኒማ ነጋዴ ለማከራየት ተገደዱ። ተከራዩም በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የፊልም ንግድ ውስጥ ስሙ ከሚጠራው አንዱ የሆነው ዊልያም ፎክስ ነበር።

የዊልያም ፎክስ ሕይወት ራሱ ፊልም የሚሠራበት ነው። በ1879 በሃንጋሪ፣ ቶልችቫ በተባለች መንደር ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ ወላጆቹ ይዘውት ወደ ኒው ዮርክ ተሰደዱ። በልጅነቱ በልብስ ስፌት ሥራ ተቀጥሮ ላቡን አፍስሷል። በ1904 በብሩክሊን በአነስተኛ ዋጋ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚታይበት አንድ ቤት ገዛ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ አላለም፤ በ1915 የራሱን የፊልም ኩባንያ አቋቋመ፤ በየከተማው ሲኒማ ቤት ገዛ፤ የፊልም ሥራውን ጠቅልሎ ለመያዝ ከሞከረው የኤዲሰን ማኅበር ጋርም ተሟግቶ ድል አደረገ። ሞኖፖሊን ተዋግቶ ያሸነፈው ይኸው ሰው ግን ጥቂት ቆይቶ ራሱ ሞኖፖሊ ለመሆን ተነሣ። በ1929 ሜትሮ ጎልድዊን ማየርን የያዘውን የሎው ኩባንያ ጠቅልሎ ለመግዛት በብድር ገንዘብ አክሲዮን ሰበሰበ። በብሩክሊን፣ በዲትሮይት፣ በሴንት ሉዊስና በሳን ፍራንሲስኮ በስሙ የተጠሩ ግዙፍ ሲኒማ ቤቶች በሁለት ዓመት ውስጥ ተከታትለው ተከፈቱ። የአትላንታው የመጨረሻው ነበር።

በጥቅምት 1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ከሁለት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 25 ቀን 1929፣ በፈረንጆች የገና ዕለት፣ የአትላንታው ፎክስ በሩን ከፈተ። ተመልካቹን ከተቀበሉት ፊልሞች አንዱ ስቲምቦት ዊሊ የተባለው የሚኪ ማውስ ካርቱን ነበር። ባንኮች መንገዳገድ በጀመሩበት፣ ፋብሪካዎች ሠራተኛ በሚያሰናብቱበት ወር፣ ወርቅ የተቀባ ቤተ መንግሥት ተመረቀ።

ውበቱን ለመካድ አንፈልግም፤ ቢካድም የሚያምን አይኖርም። ወደ አዳራሹ የገባ ሰው ከቤት ውስጥ መሆኑን ይረሳል። ዙሪያውን የምሥራቅ ከተማ ግንብ ይከበዋል። ቀና ሲል ጣሪያ ሳይሆን የሌሊት ሰማይ ያያል፤ በሰማዩ ላይም 96 ክሪስታሎች እንደ ከዋክብት ያበራሉ፤ ከፊሎቹ እንደ እውነተኛ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላሉ። በመብራት ኃይል ደመና ያልፋል፤ ጎሕ ይቀዳል፤ ፀሐይ ትጠልቃለች። በሰገነቱ ላይ እንደ ዘላኖች ድንኳን የተዘረጋው ሸራ መሳይ ነገር ጨርቅ አይደለም፤ በብረት ዘንግ ላይ የተለሰነ ጀሶ ነው። ከመድረኩ ሥር ኦርጋኑ እየተነዳ ይወጣል፤ ሞለር በተባለው ፋብሪካ የተሠራው ይህ ኦርጋን 3 ሺህ 622 ቧንቧዎች አሉት። ይህን ዓይነቱን ከጣሪያ ይልቅ ሰማይ የሚያሳይ ሲኒማ ቤት በ1920ዎቹ መጀመሪያ በሂዩስተን የጀመረው ጆን ኤበርሰን የተባለ አርክቴክት ነው፤ የሚያስፈልገው ጀሶ፣ ቀለምና መብራት ስለሆነ በእብነ በረድ ከተሠራው ይልቅ በርካሽ እንደሚወጣም ነጋዴዎቹ ያውቁ ነበር። በርካሽ ወጣ ማለት ግን በቀላሉ ተሠራ ማለት አይደለም። ጀሶውን በእጁ የለሰነው፣ ሽቦውን የዘረጋው፣ የድንኳኑን ቀለም በብሩሽ የቀባው ሠራተኛ ሙያ እስከ ዛሬ ከጣሪያው ላይ ይነበባል።

አትላንታ የባቡር ሐዲድና የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። በሳምንት ስድስት ቀን በፈትልና በሽመና መኪና መካከል የጥጥ ብናኝ ሲተነፍስ የሚውለው ነጭ ወዝ አደር፣ በጥቂት ሳንቲም ለሁለት ሰዓት እንደ ሱልጣን ይቀመጥ ነበር። ከፋብሪካው ጭስ ይልቅ ከዋክብት፣ ከአለቃው ቁጣ ይልቅ የኦርጋን ዜማ ያገኝ ነበር። ለዚህ ዕረፍት መውጣቱን የሚነቅፍ ቢኖር ሠርቶ ደክሞ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ዳሩ ግን ትኬቱ ከዕረፍቱ ጋር አንድ ሌላ ነገርም ይሸጥለት ነበር። በዋናው በር መግባቱ፣ በጎኑ ደረጃ ከሚወጣው ጥቁር የሥራ ጓደኛው እበልጣለሁ ብሎ እንዲያምን ያደርገው ነበር። ደመወዙን የሚቆርጠው ባለፋብሪካ ነው፤ እርሱ ግን ዓይኑን ወደ ሰገነቱ እንዲያነሣ ተማረ። ለከበርቴው ከዚህ የበለጠ ርካሽ ዘበኛ ከየት ይገኛል?

ይህ የእኛ ግምት ብቻ እንዳይመስል በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ የሆነውን እናንሣ። ፎክስ በተከፈተ በ125ኛው ሳምንት፣ በ1932፣ ተዘጋ። በዚያው ዓመት በሰኔ 30 ቀን አንጀሎ ሄርንደን የተባለ የ19 ዓመት ጥቁር ወጣት የመራቸው አንድ ሺህ የሚሆኑ ሥራ አጦች፣ ነጩም ጥቁሩም አብረው፣ የዕለት ዕርዳታ ለመጠየቅ ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት ሰልፍ ወጡ። ባለሥልጣኖቹ ለዕርዳታ ገንዘብ መደቡ፤ ነገር ግን ጥቂት ቀናት ቆይተው ሄርንደንን ያዙት። ሕዝብን ለዐመፅ አነሣሥቷል ተብሎ፣ መሠረቱ ከባርነት ዘመን በተያያዘ ሕግ ተከሶ ከ18 እስከ 20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ ብልጫ ነፃ ያወጣው በ1937 ነው። እንግዲህ በአትላንታ ነጭና ጥቁር በአንድ ጣሪያ ሥር ተለያይተው ፊልም ቢያዩ ሕጋዊ ነበር፤ በአንድ ጎዳና አብረው እንጀራ ቢጠይቁ ግን ወንጀል ሆነ።

ወደ ቤቱ እንመለስ። ዊልያም ፎክስ የሰበሰበው ብድር በላዩ ላይ ወደቀበት፤ በ1930 ኩባንያው ከእጁ ወጣ፤ በ1936 ኪሳራውን አወጀ። በኪሳራው ጉዳይ ለዳኛ ጉቦ በመስጠት ተከሶ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ታሰረ። በ1952 ሲሞት ስሙን የያዘው ኩባንያ ከትዌንቲዝ ሴንቸሪ ጋር ተዋሕዶ በሌሎች እጅ ይበለጽግ ነበር። ሽራይነሮቹም ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው። ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት ሕንፃ በሐራጅ 75 ሺህ ዶላር ብቻ አወጣ። የከበርቴ ንብረት ቅዱስ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ ቀውስ በመጣ ጊዜ ግን ያው ንብረት እንደ አሮጌ ዕቃ በገበያ ላይ እንደሚጣል ይህ ዋጋ በቂ ምስክር ነው።

በ1930ዎቹ አጋማሽ አዳራሹ በአዳዲስ ነጋዴዎች እጅ እንደገና ተከፈተ፤ በ1940ዎቹም ገበያው ደራ። የጎኑ ደረጃም እንደ ቀድሞው አገልግሎቱን ቀጠለ። በኅዳር 12 ቀን 1946 የዋልት ዲስኒ ሶንግ ኦቭ ዘ ሳውዝ የተባለው ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚሁ ቤት ነው። ፊልሙ የደቡቡን እርሻ በጣፋጭ ዘፈን አሳምሮ የሚያቀርብ ነው። አጎት ሪመስ የተባለውን ተረት ነጋሪ ሆኖ ፊልሙን የተሸከመው ጄምስ ባስኬት የተባለ ጥቁር ተዋናይ ነበር። በምርቃቱ ዕለት ግን ባስኬት አልተገኘም፤ የከተማው የዘር ሕግ ከሌሎቹ ጋር እኩል ተቀምጦ እንዲመረቅለት አይፈቅድም ነበርና። ምስሉ በዋናው ሸራ ላይ ሲስቅና ሲዘፍን፣ ሰውየው በከተማው አልነበረም። በ1948 ልዩ የኦስካር ሽልማት ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት ሞተ።

ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በ1939፣ በዚያው በፒችትሪ ጎዳና በሚገኘው ሎውስ ግራንድ በተባለ ሌላ ሲኒማ ቤት ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ ሲመረቅ፣ ኋላ በፊልሙ ኦስካር የተሸለመችው ጥቁሯ ተዋናይት ሃቲ ማክዳንኤል አልተገኘችም። ለምርቃቱ በተደረገው ታላቅ የዳንስ ግብዣ ላይ እንደ ባሮች የለበሱ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ለነጮቹ እንግዶች ዘመሩ። ከመዘምራኑ አንዱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ ስሙም ማርቲን ሉተር ኪንግ ይባላል። የተወለደው ፎክስ በተከፈተበት በ1929፣ በዚያችው በአትላንታ ነው።

ከ1947 እስከ 1968 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በየዓመቱ ወደ ፎክስ እየመጣ ያሳይ ነበር። የከተማው ታላላቅ ሰዎች ሐርና አልማዝ ለብሰው የሚታዩበት ሳምንት ነበር። ማቲዊልዳ ዶብስ የምትባለው ዝነኛ የኦፔራ ድምፃዊት የአትላንታ ልጅ ናት፤ ከ1956 ጀምሮም በዚሁ ሜትሮፖሊታን ዘምራለች። ይሁን እንጂ ተመልካቹ በዘር ተለያይቶ በሚቀመጥበት አዳራሽ አልዘፍንም ብላ ስለቆረጠች፣ ድምፅዋን ዓለም ሲሰማው የተወለደችበት ከተማ አዳራሾች ለዓመታት ሳይሰሙት ቀሩ። አልገባም ማለት አልገባም ከማለት ያለፈ ትርጉም እንዳለው እርሷ ታውቅ ነበር። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

የጎኑን ደረጃ የዘጋው የባለቤቶቹ ርኅራኄ አልነበረም። በመጋቢት 1960 የአትላንታ ጥቁር ኮሌጆች ተማሪዎች የሰብአዊ መብት ጥሪ የሚል መግለጫቸውን በጋዜጣ አወጡ፤ በመግለጫው ከተዘረዘሩት በደሎች መካከል የሲኒማ ቤቶች አድልዎ ይገኝበታል። ከዚያም በምግብ ቤቶችና በመደብሮች ወንበር ላይ ተቀምጠው አንነሣም አሉ፤ በጥቅምት ወር ኪንግ ራሱ ከእነርሱ ጋር ታሰረ። መደብሮቹ ገበያ አጡ። ነጋዴው ከሕሊናው ይልቅ የገንዘብ ሣጥኑን ቀድሞ እንደሚያዳምጥ የታወቀ ነው። በ1962 የመካከለኛው ከተማ ሲኒማ ቤቶች፣ ፎክስም ጭምር፣ ያለ ብዙ ጩኸት ዋናውን በር ለሁሉም ከፈቱ። ያ በር ለ33 ዓመታት ያህል ዝግ ነበር።

ዳሩ ግን በሩ ሲከፈት አዳራሹ መሟጠጥ ጀምሮ ነበር። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፊልም ኩባንያዎች ከሲኒማ ቤቶቻቸው እንዲለያዩ ባሳለፈው ውሳኔ የቀድሞው የንግድ ሰንሰለት ተበጥሷል። ቴሌቪዥን በየቤቱ ገብቷል። ገንዘብ ያለው ነጭ ከመካከለኛው ከተማ ወጥቶ በዳር ዳር ሰፍሯል፤ ሲኒማውም ተከትሎት ሄዶ በገበያ ማዕከሎች አጠገብ በትንንሽ አዳራሾች ተቀምጧል። ጥቁሩና ነጩ በአንድ በር መግባት በጀመሩበት ጊዜ ካፒታሉ በሌላ በር ወጣ ማለት ይቻላል። በመላው አገር ቤተ መንግሥቶቹ ወደቁ። የኒው ዮርኩ ሮክሲ በ1960 ፈረሰ። የሳን ፍራንሲስኮው ፎክስ በ1963 ተከተለ። የብሩክሊኑም በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ፈረሰ።

ተራው የአትላንታው ሆነ። ሳውዘርን ቤል የተባለው የቴሌፎን ኩባንያ ለዋና መሥሪያ ቤቱ የሚሆን ከፍተኛ ሕንፃ ሊሠራ ፈልጎ ቦታውን ለመግዛት በ1974 ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋገረ። በጥር 2 ቀን 1975 የመጨረሻው ፊልም ታየ። የፊልሙ ስም ዘ ክላንስማን ነበር፤ ታሪኩም ስለ ኩ ክሉክስ ክላን ነው። ይህን የሚያህል ምፀት ደራሲ ፈጥሮ ቢጽፈው አንባቢ አበዛኸው ይለው ነበር።

አሁን ነው የታሪኩ ትልቁ ነገር የሚመጣው። ፎክስ ይፈርሳል የሚለው ወሬ በተሰማ ጊዜ ከተማው ተነሣ። ተማሪዎች፣ ሙዚቀኞች፣ በዚያ ቤት የመጀመሪያ ፊልማቸውን ያዩ ሽማግሎች ፎክስን እናድን የሚል ዘመቻ ከፈቱ፤ ፊርማ ሰበሰቡ፤ ገንዘብ አዋጡ። ከዘመቻው ሰዎች መካከል ጆ ፓተን የተባለ ባለሙያ ነበር፤ ለዓመታት ድምፁ ጠፍቶ የነበረውን ኦርጋን በ1960ዎቹ ከሌሎች ጋር ጠግኖ ያናገረው እርሱ ነው። የከተማው አስተዳደር ደግሞ የማፍረሻ ፈቃድ አልሰጥም አለ። በዚያን ጊዜ ከንቲባው ማን ነበር? በጥር 1974 ሥልጣን የያዘው የአትላንታ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሜይናርድ ጃክሰን ነበር። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያደገው በአትላንታ፣ ጥቁሩን ወደ ጎኑ ደረጃ በሚልከው ሥርዓት ሥር ነው። ማቲዊልዳ ዶብስም የእናቱ እህት ናት፤ ከንቲባ ሆኖ ቃለ መሐላ በፈጸመበት ሥነ ሥርዓት ላይ ዘምራለታለች።

አንድ ሰው ይህን ሲሰማ፣ ያ ቤት ለምን ይድናል? ወገኖቹን ለ33 ዓመት በጎን ያስገባ ቤት ቢፈርስ ምን ይጎድላል? ብሎ ቢጠይቅ አንፈርድበትም። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እኛም ስናወጣና ስናወርድ ቆይተናል። ቢሆንም ከዋክብቱን ያስተካከለው የመብራት ሠራተኛ፣ ጀሶውን የለሰነው አናጢና ለሳኝ፣ ከላይኛው ሰገነት ሆኖ አንገቱን አስግጎ ያንኑ ፊልም ያየው ጥቁር የባቡር ሠራተኛ በዚያ ቤት ድርሻ አላቸው። ዋጋውን እኩል ዕይታ ሳያገኝ የከፈለ ሰው ከሁሉ የበለጠ ባለ ዕዳ የሚጠይቅ እርሱ ነው። ቤቱ ቢፈርስ ደግሞ አብሮ የሚጠፋው ዋናው ማስረጃ ያ የጎን ደረጃ ነበር። በቦታው የቴሌፎን ኩባንያ መሥሪያ ቤት ቢቆም፣ በዚህ በኩል እንወጣ ነበር ብሎ ለልጁ በጣቱ የሚያሳየው ምን ይቀረው ነበር?

በ1975 አትላንታ ላንድማርክስ የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ከባንኮች በተገኘ ብድር ሕንፃውን ገዛ፤ የቴሌፎን ኩባንያውም መሥሪያ ቤቱን ከጀርባ ባለው ቦታ ላይ እንዲሠራ ስምምነት ተደረሰ። ብድሩ የሚከፈልበት ቀን ሊደርስ ስድስት ወር ሲቀረው፣ በ1978፣ ተከፍሎ አለቀ። በሐምሌ 1976 ሌነርድ ስኪነርድ የተባለው የሮክ ባንድ ለሦስት ሌሊት ተጫውቶ በዚያው ያስቀረጸው አልበም ይህን ዘመቻ ለመርዳት ነበር። ሕንፃው በ1976 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ የተመረቀበት ሎውስ ግራንድ ግን በጥር 1978 ተቃጠለ፤ በቦታው የአንድ ኩባንያ ከፍተኛ ሕንፃ ቆመ። ከዚያ በኋላ በአትላንታ የቀረ ታላቅ የፊልም ቤተ መንግሥት ፎክስ ብቻ ሆነ።

በ1996 በሕንፃው ላይ እሳት ተነሣ። ከአዳራሹ ጋር በተያያዘ መኖሪያ ውስጥ ያደረው ጆ ፓተን ቀድሞ ስለነቃ ጉዳቱ ሳይስፋፋ ተገታ። ከዚያ በኋላ የፈረሰው ተሠርቶ ሥራው ቀጠለ፤ አዳራሹ ዛሬ በአብዛኛው ለሙዚቃና ለቴአትር ያገለግላል፤ በበጋም ፊልም ይታይበታል። በሚያዝያ 14 ቀን 2016 ፕሪንስ የተባለው ዝነኛ ጥቁር ሙዚቀኛ ፒያኖውን ብቻ ይዞ በዚያ መድረክ ተጫወተ፤ ከሳምንት በኋላ ስለሞተ የመጨረሻው ትርኢቱ ሆኖ ቀረ። በአትላንታና በአካባቢዋ ከሰፈሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን መካከልም በፒችትሪ በር ገብቶ ትርኢት ያየ አይጠፋም፤ በሩ ለእርሱም የተከፈተው በ1960ዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንነሣም ባሉት ተማሪዎች ምክንያት መሆኑን ግን ማንም በትኬቱ ላይ አልጻፈለትም።

ደረጃው አሁንም አለ። ከግድግዳው ጋር እንደተጣበቀ፣ ከሕንፃው ጋር እየታደሰና እየተጠበቀ ይታያል። ወደ አትላንታ የሚሄድ አንባቢ ቢኖር በከዋክብቱና በኦርጋኑ ከተደነቀ በኋላ በፖንስ ደ ሊዮን በኩል ዞሮ፣ ከሥሩ ቆሞ፣ እስከ ላይኛው በር ድረስ ቀና ብሎ ይመልከተው።